ይጥፋ ወይስ ይቆይ

ቱሉ ዲምቱ ዳርቻ፣ ብሎክ መቶ ዘጠኝ፣
ነፋስ ቀዩን አፈር በበር ሥር ሲልክልኝ፣
ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ጽሑፍ ከሚል ታፔላ
ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከደረጃው ኋላ፣
ዳሚቱ ገባች፤ ላፕቶፗን በሻሽ ጠቅልላ።

«ይሞቃል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም በሌሊት
ሳልነካው ይበራል» አለች። በፍርድ ቤት
አጥር ሥር፣ ከጃንጥላ በታች፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ናት።
የካሳው፣ የቀለቡ፣ የውርሱ፣ የድንበሩ ክርክር
በሁለት ጣቶቿ ሲያልፍ ይሆናል መልክ ያለው ነገር።

ፍተሻውን ለቀቅኩት። አረንጓዴው መስመር
አሸዋ እንደጫነ ሲኖትራክ ዳገት ሲሞክር፣
መብራት ሁለቴ አጥፍቶት፣ በሦስተኛው ጨርሶ
አርባ ሦስት ውጤት ደረደረ፣ አብዛኛው ቀይ ለብሶ።

«ሁሉንም አጥፋ» ይላል ከታች ትልቁ ቁልፍ።
«አጥፋዋ ሁሉንም!» አለች እሷም፣ ቶሎ ለማረፍ።

ቆይ።

በጀማሪነቴ፣ በጋሽ ሽብሩ ኮምፒውተር፣
«ሁሉንም» ብዬ ተጭኜ (የእድሩ መዝገብ ነበር)
ሦስት መቶ አባወራ የከፈለው ሒሳብ
ከቫይረሱ ጋር ሄደ፣ እንደ ጭቃ ሲታጠብ።
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ልቅሶ ቤት ስገባ
ዓይን ከድንኳኑ ጥግ ይከተለኝ ነበር።
ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ነው፤
ስሙን፣ ቀኑን፣ በየት በር እንደገባ ሳልጠይቀው
አልነካውም።

ሃያ ስድስቱ ኩኪ ናቸው። ይጥፉ፣ ግድ የለም፤
የጫማ ማስታወቂያ ናቸው፣ ቢከተሉም
ከገበያ አያልፉም።
ዘፈን ማውረጃ መስሎ ከነጓዙ የገባው፣
ይጥፋ። እህቶቹም አብረውት ይጥፉ።
የጽሑፉ ፕሮግራም የተሰበረበት ቁልፍ፣
በከተማው ሁሉ ማሽን ያለ፣ የማይነገር ግፍ፣
ይጥፋ ብል ማመልከቻው ነገ በምን ይከፈታል?
ይቆይ። ሌብነት ነው እንጂ ስለላ አይባልም።

ሠላሳ አራተኛው ላይ እጄን ሰበሰብኩ፦
የአማርኛ መጻፊያዋ!
«የተነካ ቁልፍ ሁሉ ያደምጣል» ይላል ክሱ።
እውነት ነው፣ ያደምጣል። ካላደመጠ
«ል»ን ነክታ «ኡ» ስታስከትል
«ሉ» ማለቷ እንደሆነ ማን ይነግረዋል?
ጆሮ የሌለው ፊደል ከየት ያመጣል?

ዳሚቱ ሳቀች። «እሱን ካጠፋህማ
አፌን በመዳፍህ ያዝከው በለኛ።»
ይቆይ።

አርባ አንደኛው ስሙ ያማረ ነው፤ «ማሻሻያ»።
ቀይ እንኳ አልለበሰም፤ ቢጫ ብቻ፣ ለማስጠንቀቂያ።
ከፈትኩት።
በየማታው፣ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣
የጻፈችውን ሁሉ፣ ከነሰረዘችው፣
ሰብስቦ ወደ አንድ አድራሻ ይልከዋል።
ከኢንተርኔት አልመጣም። በፍላሽ ነው፣ በሰው እጅ።

«ጥር ሃያ ሁለት» አልኳት፣ ስክሪኑን እያየሁ።
ቀለበቷን በጣቷ ላይ አንዴ አዞረችው።
«የሠርጋችን ማግስት» አለች።
«ላስተካክልልሽ ብሎ ወሰደው።»

ውጭ ረዳቱ «ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ይላል።
«ለማጥፋት ስጋት የለውም» ይላል ማሽኑ።
ለማን?
ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሳጥኑ ባዶ ሲሆንበት፣
አንድ ሰው ከሶፋው ተነሥቶ
ምን ብሎ ነው የሚጠይቃት? በየትኛው እጁ?
ይህን የሚፈትሽ ፕሮግራም የለኝም።

«ተወው» አለች። «እሱም ይቆይ።
እኔ እህቴ ጋ ነው የማድረው፣ ገላን።»
ወንበሬን ሳበች። አዲስ ገጽ ከፈተች።
በሁለት ጣት፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ፦
አመልካች፦ ዳሚቱ ነጋሳ።
ተጠሪ፦
ስሙን ጻፈች፣ ከነአያቱ።
ጉዳዩ፦ ፍቺ ስለመጠየቅ።

ሁለቱም አደመጧት፤
አንዱ ፊደል ሊሰጣት፣ አንዱ ሊያሳብቅባት።
የግድግዳው ሰዓት አሥራ አንድ ተኩል ይላል።

«ሁለት ኮፒ አትምልኝ» አለች፣ ሻሹን እያጠፈች፤
«አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለእኔ።
የእሱን አርባ አንደኛው ያደርስለታል።»